መርዶ ነጋሪ ያልነበረው ጦርነት፦ የአሜሪካ ወታደሮች ለእናቶቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች

በጁን 1864 መጀመሪያ ላይ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮልድ ሃርበር በተባለ ስፍራ የሰፈረው የሰሜኑ ጦር፣ በማግስቱ ማለዳ የደቡቡን ምሽግ እንዲያጠቃ ታዘዘ። የጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት ረዳት የነበረው ሆራስ ፖርተር ዓመታት ቆይቶ በጻፈው ማስታወሻ ላይ፣ በዚያ ምሽት ወታደሮቹ ኮታቸውን አውልቀው የተቀደደ የሚሰፉ መስለውት እንደነበር ያወሳል። ጠጋ ብሎ ሲያይ ግን መርፌና ክሩ ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ስማቸውንና አድራሻቸውን በቁራጭ ወረቀት እየጻፉ በኮታቸው ጀርባ ላይ ያያይዛሉ። ከወደቁ በኋላ ሬሳቸው የማን እንደሆነ እንዲታወቅና ወሬው ቤታቸው እንዲደርስ ነው።

ሠራዊቱ ለወታደሩ ጠመንጃ፣ ካፖርት፣ ቡናና ደረቅ ብስኩት ያድላል። ሲሞት ማንነቱን የሚናገር ምልክት ግን አላደለውም። ለወላጅ መርዶ የሚያደርስ ክፍልም ሆነ ቋሚ ሥርዓት አልነበረውም። ይህን ክፍተት ከ1861 እስከ 1865 ድረስ የሞላው ወታደሩና ጓዶቹ የሚጽፉት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሰላምታ ያደርሳል፣ ደመወዝ ያቀብላል፣ ኑዛዜ ይሆናል፣ መርዶም ይነግራል። መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ልጅና እናት በቀለምና በወረቀት ሲሠሩት ቆዩ ማለት ይቻላል።

ለእናት የሚጻፍበት ምክንያት

ጦርነቱ በኤፕሪል 12 ቀን 1861 ደቡብ ካሮላይና ባለው ፎርት ሰምተር ተጀመረ። ባርነት እንዳይነካባቸው የፈለጉ የደቡብ ግዛቶች ተገንጥለው ኮንፌዴሬሽን የተባለ መንግሥት አቁመው ነበር፤ ቁጥራቸውም ኋላ 11 ደረሰ። ከሁለቱም ወገን ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ታጠቀ። የሟቾቹ ቁጥር ለረጅም ጊዜ 620,000 እየተባለ ሲጠቀስ ኖሯል፤ የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ሃከር በ2011 የሕዝብ ቆጠራ መዛግብትን መርምሮ ግምቱን ወደ 750,000 አሳድጎታል። ከሦስት ሟች ሁለቱን የወሰደው ጥይት ሳይሆን ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ ኩፍኝና የሳንባ ምች ነው።

ከተዋጊው ውስጥ ብዙው ትዳር ያልያዘ ወጣት ነበር። «ቤት» ሲል ሚስቱንና ልጆቹን ሳይሆን እናቱን፣ አባቱንና እህቶቹን ማለቱ ነው። ደግሞም መጻፍ ይችላል፤ ከሰሜኑ ነጭ ወታደሮች ከ90 በመቶ በላይ፣ ከደቡቡም ከ80 በመቶ በላይ ፊደል የቆጠሩ ነበሩ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ይህን ያህል ማንበብና መጻፍ የሚችል ሠራዊት ተሰልፎ አያውቅም። ለታሪክ ጸሐፊዎች የተመቸው ሌላው ነገር ደግሞ ተራው ወታደር የሚልከው ደብዳቤ በመደበኛ ሳንሱር አለማለፉ ነው። የጦር ሰፈሩን ስም፣ የአዛዡን ድክመት፣ የምግቡን መበላሸት እንደልቡ ይጽፍ ነበር።

ብዛቱን ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በዘመኑ በተሰጠ ግምት ከምሥራቁ ግንባር በዋሽንግተን በኩል በቀን 45,000 ያህል ደብዳቤ ያልፋል፤ በምዕራቡ ደግሞ በሉዊቪል በኩል የሚመላለሰው የዚህን እጥፍ ያህል ነበር። ሁሉም በእንግሊዝኛ አልተጻፈም። ከሰሜኑ ወታደር አራት አንዱ ያህል ውጭ አገር የተወለደ በመሆኑ፣ ብዙ ደብዳቤ በጀርመንኛ ተጽፎ ውቅያኖስ ተሻግሯል።

ሦስት ሴንት

በሰሜኑ በኩል አንድ ደብዳቤ የ3 ሴንት ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ቴምብር በጦር ሰፈር ብርቅ ነው፤ ኪስ ውስጥ የከረመውም በላብና በዝናብ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በ1862 ሳንቲም ከገበያ ሲጠፋ ደግሞ ሕዝቡ ቴምብሩን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይገበያይበት ጀመር። ኮንግረስ በጁላይ 1861 ባወጣው ሕግ ወታደር ቴምብር ሳይለጥፍ መላክ እንዲችል ፈቀደ። ፖስታው ላይ «የወታደር ደብዳቤ» ተብሎ ይጻፍና መኮንን ይፈርምበታል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ለድሃ እናት የልጇን ደህንነት ማወቅ በፖስታ ቤቱ መስኮት ፊት 3 ሴንት መቁጠርን ይጠይቅ ነበር ማለት ነው።

ያኔ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ሰው ራሱ ሄዶ ይጠይቃል። ከትልቅ ውጊያ በኋላ በየፖስታ ቤቱ ደጃፍ የእናቶችና የሚስቶች ሰልፍ ይረዝማል። በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ጆሴፍ ብሪግስ የተባለ የፖስታ ሠራተኛ በክረምት ብርድ የተሰለፉትን ሴቶች አይቶ፣ ደብዳቤውን ቤታቸው ድረስ የማድረስ ሐሳብ እንደመጣለት ይነገራል። በጁላይ 1863 በ49 ከተሞች የነጻ ቤት ለቤት ዕደላ ተጀመረ።

ገንዘቡም በዚያው መንገድ ይጓዛል። የሰሜኑ ተራ ወታደር ደመወዝ በወር 13 ዶላር ነበር፤ በ1864 ወደ 16 ዶላር አደገ። እሱም ቢሆን በሰዓቱ አይከፈልም፤ ወራት ይዘገያል። ሲከፈል ከፊሉ በፖስታ ውስጥ ታጥፎ ለእናት ይላካል፤ መንገድ ላይም ይሰረቃል። በኖቬምበር 1864 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የገንዘብ ማዘዣ አገልግሎት የጀመረበት አንዱ ምክንያት ይኸው የወታደሩ ገንዘብ ነው።

ለእናት የሚነገረውና የማይነገረው

የደብዳቤው አከፋፈት በሰሜንም በደቡብም አንድ ዓይነት ነው። ብዕሬን ያነሳሁት ደህና መሆኔን ላስታውቅሽ ነው፣ ይህ ደብዳቤ አንቺንም በጤና እንደሚያገኝሽ ተስፋ አደርጋለሁ ይላል። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» እያለ ደብዳቤ መጀመር ለለመደው የእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። እናት ከሁሉ በፊት የምትፈልገው ልጇ በሕይወት መኖሩን ነው፤ ስለዚህ ይህ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጣል። ደብዳቤውን ለምታነብላት ጎረቤትም ቢሆን ይህችው መስመር ትበቃለች።

ቀጥሎ ምግብ ይመጣል። ድንጋይ የሚያህል ብስኩት፣ ጨው የበዛበት የአሳማ ሥጋ፣ ምንጊዜም የሚመሰገን ቡና። ከዚያ የልመናው ዝርዝር፦ ካልሲ፣ ቅቤ፣ ወረቀት፣ ቴምብር፣ የሠፈሩን ወሬ የያዘ ጋዜጣ። ከዚያ በመጠጥና በቁማር እንዳልተያዘ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን እንደሚያነብ የሚሰጠው ማረጋገጫ። ብዙ ወጣት ከቤቱ ርቆ የሚያድረው ለመጀመሪያ ጊዜ በመሆኑ፣ እናቱ የምትፈራው የደቡቡን ጥይት ብቻ አልነበረም።

የውጊያው ታሪክ ግን በአንባቢው ይለያያል። አንድ ወታደር ለአባቱ ወይም ለወንድሙ የጻፈውን ለእናቱ ከጻፈው ጋር ላነጻጸረ ሰው ልዩነቱ ይታየዋል። ለወንድሙ ሬሳ የሞላበትን ሜዳ፣ የተቆረጠ እግር የተከመረበትን የሐኪም ድንኳን ይተርካል፤ ይህን ለእናታችን እንዳታነብላት ብሎ ያስጠነቅቃል። ለእናቱ ሲሆን ከባድ ተኩስ ነበር፣ እግዚአብሔር አተረፈኝ ብሎ ያልፋል። ሕመሙም «ትንሽ ጉንፋን» ይሆናል። እናቶች ይህን አያውቁም ነበር ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው፤ የጽሕፈቱ መንቀጥቀጥና የመስመሩ ማጠር ቃሉ የሸሸገውን ይናገር ነበር።

ሌላ ዓይነት ሽሽግም ነበር። ሳራ ሮዜታ ዌክማን የተባለች የኒውዮርክ ግዛት ገበሬ ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ላየንስ ዌክማን በሚል ስም በ153ኛው የኒውዮርክ ሬጅመንት ተቀጠረች። ለወላጆቿ ደብዳቤና ገንዘብ ትልክ ነበር፤ እነሱ ማን እንደሆነች ያውቃሉ፣ ሠራዊቱ አያውቅም። በጁን 1864 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በተቅማጥ ሞተች፤ መቃብሯ ላይ የተጻፈውም የወንድ ስሟ ነው። ደብዳቤዎቿ በዘመዶቿ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ተቀምጠው በ1994 በመጽሐፍ ታተሙ። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ታሪክ አንድ ወንድ ወታደር ሞተ ብሎ ዘግቶት ነበር።

የግድግዳ ወረቀት

ደቡቡ የራሱን ፖስታ ቤት ያቋቋመው የቴክሳሱን ሰው ጆን ሬጋንን በመሾም ነው። የኮንፌዴሬሽኑ ሕገ መንግሥት ፖስታ ቤቱ ከ1863 ጀምሮ ወጪውን በራሱ ገቢ እንዲሸፍን ስለሚያስገድድ፣ በመጀመሪያ ለቅርብ መንገድ 5 ሴንት የነበረው ዋጋ ከጁላይ 1862 ጀምሮ ለሁሉም 10 ሴንት ሆነ። የተራው ወታደር ደመወዝ በወር 11 ዶላር ነበር፤ የወረቀት ገንዘቡ ዋጋም ከቀን ወደ ቀን ይወርዳል።

የሰሜኑ ባሕር ኃይል ወደቦቹን ሲዘጋ ወረቀት ጠፋ። የመጣን ፖስታ ገልብጦ እንደገና ማጣበቅ፣ ከመዝገብ ላይ ገጽ መቅደድ፣ የግድግዳ ማስዋቢያ ወረቀት ቆርጦ በጀርባው መጻፍ የተለመደ ሆነ። በከበባ ላይ የነበረችው የቪክስበርግ ከተማ ጋዜጣ ራሱ በጁላይ 1863 በግድግዳ ወረቀት ላይ ታትሟል። ቀለም ከዱር ፍሬ ይጨመቃል። አንዱን ገጽ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ወረቀቱን አዙረው በተጻፈው ላይ አግድም የሚጽፉም ነበሩ። ቪክስበርግ በጁላይ 4 ከወደቀች በኋላ ሚሲሲፒ ወንዝ በሰሜኑ እጅ ገባ፤ ከወንዙ ማዶ እናት ላለችው የቴክሳስ ወታደር ፖስታው በስውር ተሻጋሪዎች እጅ 40 ሴንት እየተከፈለበት ይሄድ ነበር።

ከቤት ወደ ግንባር የሚሄደው ደብዳቤ ደግሞ ለደቡቡ አዛዦች ራስ ምታት ሆነ። በኤፕሪል 1863 በደቡቡ ዋና ከተማ በሪችመንድ ሴቶች ዳቦ አጣን ብለው አምፀው ሱቅ ሰብረዋል። ዱቄት ማለቁን፣ ታናናሾቹ መራባቸውን የሰማ ልጅ ጠመንጃውን ጥሎ ወደ ቤቱ መሄዱ አልቀረም። አዛዦቹ ለጦሩ መክዳት ተጠያቂው ከቤት የሚመጣ እሮሮ ነው እያሉ ያማርሩ ነበር። በሴፕቴምበር 1864 የደቡቡ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዴቪስ ሜከን በተባለች የጆርጂያ ከተማ ባደረገው ንግግር ከወታደሮቹ ሦስት ሁለቱ በቦታቸው እንደሌሉ አመነ። ረሃቡን የፈጠሩት ግን እናቶቹ አልነበሩም፤ ጽፈው ማሳወቃቸው ብቻ ነው እንደ ጥፋት የተቆጠረባቸው።

በነጭ ሰንደቅ ሥር

የሰሜኑ ፖስታ ቤት ከ1861 አጋማሽ ጀምሮ ወደ ደቡብ ማድረሱን አቆመ፤ ደቡቡ በእጁ ባለው ቴምብር እንዳይነግድም አዲስ ቴምብር አሳትሞ አሮጌውን ሰረዘ። ሁለቱን ወገን የሚለየው መስመር ግን ቤተሰብ ሰንጥቆ ነበር ያለፈው። የኬንታኪው ፖለቲከኛ የጆን ክሪተንደን አንዱ ልጅ ለሰሜን፣ ሌላው ለደቡብ ጄኔራል ሆነዋል። ከመስመሩ ማዶ ለመጻፍ የነበረው ሕጋዊ መንገድ በነጭ ሰንደቅ ሥር የሚደረገው ልውውጥ ነው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፣ ከቤተሰብ ጉዳይ ውጪ አይነካም፣ ፖስታው ሳይታሸግ ይቀርባል፣ ባለሥልጣን ያነበዋል።

ከምርኮኛ የሚመጣውም በዚሁ ያልፋል። ልጁ የታሰረበትን ሰቆቃ በዚያች አንድ ገጽ መናገር አይችልም፤ ቢናገርም አይተላለፍም። በጆርጂያ የነበረው የአንደርሰንቪል እስር ቤት ወደ 45,000 የሚጠጋ የሰሜን ወታደር አስተናግዶ 13,000 የሚሆነውን ቀብሯል። እናቶቹ በአብዛኛው የሚያውቁት ደብዳቤው መቋረጡን ብቻ ነበር።

የጥቁር ወታደር እናት

ለሰሜኑ ከተዋጉት ውስጥ ወደ 180,000 የሚጠጉት ጥቁሮች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ። በብዙ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማስተማር በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ብዕር የጨበጡት በጦር ሰፈር፣ በጦር ቄሶችና በበጎ ፈቃድ መምህራን እጅ ነው። እስኪማሩ ድረስ ሰው ይጽፍላቸዋል። ደብዳቤውን የምትጠብቀው እናትም ገና በባለቤቷ እጅ ያለች ባሪያ ልትሆን ትችላለች፤ ያኔ ወረቀቱ በጌታዋ እጅ ማለፉ የግድ ነው።

በጁላይ 18 ቀን 1863 ፎርት ዋግነር በተባለ የደቡቡ ምሽግ ላይ የተዋጋው 54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት በአብዛኛው ከሰሜኑ ነጻ ጥቁሮች የተውጣጣ ነበር። የአንዱ ወታደር እናት ሐና ጆንሰን፣ የባፋሎ ከተማ ነዋሪ፣ በጁላይ 31 ለሰሜኑ ፕሬዚዳንት ሊንከን ጻፈች። አባቷ ከሉዊዚያና ያመለጠ ባሪያ እንደነበር ገልጻ፣ ጥቁር ወታደር ከነጩ የባሰ አደጋ ሊሸከም እንደማይገባ፣ ደቡቡ የማረካቸውን ጥቁሮች ቢሸጥ ወይም ቢገድል ፕሬዚዳንቱ ዝም እንዳይል ሞገተችው። ሊንከን ግን ከአንድ ቀን በፊት፣ በጁላይ 30፣ ለሚገደለው ምርኮኛ በቀል እንደሚወሰድ የሚያዝ ትእዛዝ ፈርሞ ነበር፤ ወሬው ገና አልደረሳትም። ትእዛዙ በተግባር ብዙም አልሠራም። ደብዳቤዋ ግን በዚያ ዘመን አንዲት እናት ለመንግሥት ከጻፈችው ሁሉ ጠንካራው ሙግት ሊባል ይችላል።

እነዚህ ልጆች የሚልኩት ገንዘብም አነስተኛ ነበር። ለነጩ 13 ዶላር ሲከፈል ለጥቁሩ 10 ዶላር ተመድቦ 3ቱ ለልብስ ይቆረጥ ነበር። 54ኛው ይህን አንቀበልም ብሎ ወራት ያለ ደመወዝ ተዋጋ፤ ቤት ያሉት እናቶችና ሚስቶችም ከእነሱ ጋር ተራቡ። የሬጅመንቱ ኮርፖራል ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ በሴፕቴምበር 1863 ለሊንከን ጽፎ፣ የወታደር ሥራ ሠርተን ሳለ የወታደር ደመወዝ የማይከፈለን ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ኮንግረስ ደመወዙን ያስተካከለው በጁን 1864 ነው። ጉዲንግ ከዚያ በፊት ተማርኮ ነበር፤ በጁላይ 1864 አንደርሰንቪል ውስጥ ሞተ።

መርዶውን የጻፉ እጆች

ከውጊያ በኋላ ጋዜጦች የሟችና የቁስለኛ ዝርዝር ያትማሉ፤ ስም ይሳሳታል፣ የሞተው ቆሰለ፣ የቆሰለው ሞተ ይባላል። ገጣሚው ዋልት ዊትማን በዲሴምበር 1862 ወንድሙ ጆርጅ መቁሰሉን ከጋዜጣ ዝርዝር ላይ አንብቦ ሊፈልገው ወጣ። ወንድሙን በቀላል ቁስል አገኘው፤ እሱ ግን ዋሽንግተን ቀርቶ በሆስፒታሎች እየዞረ ቁስለኛ ሲያጽናና፣ መጻፍ ላልቻለውም ደብዳቤ ሲጽፍለት ከረመ። የገዛ እናቱም ከአንድ ልጅዋ የግንባሩን፣ ከሌላው የሆስፒታሉን ደብዳቤ ታነብ ነበር። በ1865 ባሳተመው የግጥም መድበል ውስጥ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ የልጇ ደብዳቤ ስለደረሳት እናት የሚተርክ ግጥም ይገኛል።

በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ደብዳቤ መምጣቱ ራሱ መርዶ ነበር። ድሩ ጊልፒን ፋውስት የተባሉት የታሪክ ምሁር እንዳሳዩት፣ እነዚህ ደብዳቤዎች በሰሜንም በደቡብም የሚመልሷቸው ጥያቄዎች አንድ ናቸው። መሞቱን አውቆ ነበር ወይ? ማን አጠገቡ ነበር? የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር? እምነቱን ይዞ ነው የሞተው? የት ተቀበረ? እናት በልጇ አልጋ አጠገብ ሆና ልታየው የሚገባትን ጓዱ ወይም ነርሷ በእሷ ዓይን አይቶ ሊነግራት ይሞክራል። አንዳንዱ ሟች ይህን መርዶ ራሱ ጻፈው፤ በሜይ 1864 ስፖትሲልቬኒያ ላይ የቆሰለው የሚሲሲፒው ጄምስ ሮበርት ሞንትጎመሪ ለአባቱ የጻፈው ወረቀት ደሙ የፈሰሰበት ሆኖ እስከ ዛሬ ተጠብቋል።

ከመንግሥት ለእናት ተጻፈ ተብሎ ስሙ የገነነው በኖቬምበር 1864 ለቦስተኗ ወይዘሮ ሊዲያ ቢክስቢ የተላከው የሊንከን ደብዳቤ ነው። አምስት ልጆቿ በጦርነቱ ወደቁ ተብሎ የተጻፈ ሲሆን፣ ኋላ ሲጣራ የሞቱት ሁለት ናቸው። ዋናው ወረቀት ጠፍቷል፤ የጻፈው ሊንከን ነው ወይስ ጸሐፊው ጆን ሄይ የሚለውም ሲያከራክር ኖሯል። የመንግሥት ማጽናኛ ለአንዲት እናት ሲደርስ እንኳ የሟቾቹ ቁጥር የተሳሳተ ነበር፤ ለቀሩት በመቶ ሺዎች ደግሞ ምንም አልተጻፈላቸውም።

ደብዳቤው ማስረጃ ሲሆን

ጦርነቱ ሲያበቃ ጥያቄው አላበቃም። ነርሷ ክላራ ባርተን ዋሽንግተን ውስጥ የጠፉ ወታደሮች አፈላላጊ ቢሮ ከፍታ ከ63,000 በላይ ደብዳቤ ደረሳት፤ የ22,000 ያህል ሰዎችን ዕጣ ለማወቅም በቃች። አንደርሰንቪል ውስጥ ታስሮ የነበረው ዶረንስ አትዋተር የሟቾችን ስም በድብቅ ገልብጦ ባያወጣ ኖሮ ይህን ያህል ባልተቻለ ነበር። መንግሥት የሰሜኑን ሟቾች ሰብስቦ በ74 ብሔራዊ መካነ መቃብሮች ከ300,000 በላይ ሲያሳርፍ፣ በስሙ የታወቀው ከግማሹ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። የደቡቡ ሟች በዚህ ውስጥ አልገባም፤ እሱን የሰበሰቡት በየከተማው የተደራጁ ሴቶች ናቸው።

በጁላይ 1862 የወጣው የጡረታ ሕግ ለሟች ተራ ወታደር ቤተሰብ በወር 8 ዶላር ፈቀደ። ሚስትና ትንንሽ ልጆች ከሌሉት እናት ልትቀበል ትችላለች፤ ነገር ግን ልጁ በሕይወት ሳለ ይጦራት እንደነበር ማስረዳት አለባት። የድሃ እናት ማስረጃ ምንድን ነው? ደረሰኝ የላትም። ያላት ደብዳቤ ነው። የላክሁልሽ ገንዘብ ደረሰሽ ወይ፣ ኪራዩን ክፈዪበት፣ ማገዶ ግዢበት የሚሉ መስመሮች ያሉበትን ወረቀት ከሣጥኗ አውጥታ ለጡረታ ቢሮ ሰጠች። ጸሐፊው የሚፈልገው የገንዘቡን መስመር ነው፤ ናፍቆቱ፣ ጸሎቱ፣ የካልሲው ልመና አብረው ከፋይሉ ገቡ። ብዙዎቹ ለባለቤታቸው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የጡረታ ፋይሎች ውስጥ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ያልተማሩት፣ ስማቸው በሌላ መዝገብ የማይገኘው የድሆች ልጆች ድምፅ የተረፈው እናቶቻቸው ለ8 ዶላር ሲሉ አሳልፈው ስለሰጡት ነው። የደቡቡ ወታደር እናት ይህም አልነበራትም።

ሥርዓቱ በጊዜ ብዛት ግዙፍ ሆነ፤ በ1890ዎቹ የጡረታ ክፍያ ከፌዴራሉ መንግሥት ወጪ 40 በመቶ ያህሉን ይወስድ ነበር። በ1887 ለተጠናቀቀው የጡረታ ቢሮ ሕንጻ ንድፍ ያወጣው በጦርነቱ ወቅት የሰሜኑን ሠራዊት ስንቅና ትጥቅ የመራው ጄኔራል ሞንትጎመሪ ሜግስ ነው። የራሱም ልጅ በ1864 ተገድሎበታል።

ለወደቀ ወታደር ወላጅ ገንዘብ መክፈል ከመርዶ ይልቅ ቀሎ ተገኘ። በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ያለፈ ሕዝብ ሁሉ፣ የእኛው ጭምር፣ ይህን ቅደም ተከተል ያውቀዋል፤ ምልመላው በወግ ይመዘገባል፣ የሟቹ ወሬ ግን በሰው አፍ ይመጣል። ወጣት ከእናቱ ቤት ወስዶ ያሰለፈ መንግሥት ልጇ የት እንዳለ የመንገር ዕዳ ያኔውኑ ይጀምርበታል። የአሜሪካ ሠራዊት ለእያንዳንዱ ወታደር ስሙ የተቀረጸበት የአንገት መለያ እንዲሰጥ ያዘዘው በዲሴምበር 1906 ነው። ጦርነቱ ካበቃ 41 ዓመት አልፎ ነበር፤ ከእነዚያ እናቶች ውስጥ ይህን ለማየት የደረሱት እጅግ ጥቂት ናቸው።